በስሜ ታክሞ ስለ ዳነው ሳንባ

ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.
ጉለሌ

ለተከበሩ ጓድ ዓምሃ
የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ፣ እንዲሁም የሥራ ባልደረቦችዎ ጤንነት እንደምን እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ እንደሚለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በእውነት ደህና ነኝ፤ አምናም ደህና ነበርኩ፤ ካቻምናም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ወረቀት የማጠፋውም ይህችን አንዲት ነገር እርስዎም ጎረቤቶቼም እንድትሰሙልኝ ብዬ ነው።

ስሜ መሸሻ ቦጋለ ይባላል። ከጤና ጣቢያው በላይ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ የምኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለቤቴ ወለተማርያም ካረፈች አምስት ዓመት ያለፈኝና ልጅ ያልወለድኩ ሰው ነኝ። በዚህ ስም ቢጠይቁ ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች አብዛኞቹ ላያውቁኝ ይችላሉ። «የሳንባው ሰውዬ» ቢሏቸው ግን ወዲያው ያስታውሱኛል።

ባለፈው ሳምንት በጽሕፈት መኪና የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከእርስዎ ደርሶኛል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናዬን በትጋት ተከታትዬ በመጨረሴ አርአያ ታካሚ ሆኜ መመረጤ፣ በመጪው እሁድ በቀበሌው አዳራሽ በሚደረገው የጤና ስብሰባ ላይ የምስክር ወረቀት እንደምቀበል፣ ከዚያም እንዴት እንደ ዳንኩ ለተሰበሰበው ሕዝብ አሥር ደቂቃ እንድናገር መወሰኑ ተገልጾልኛል። ስለ ክብሩ ከልብ አመሰግናለሁ። የማልቀበለው በአንዲት ትንሽ ምክንያት ብቻ ነው፤ በሳንባ ነቀርሳ ታምሜ አላውቅም።

መልሴን በፖስታ መላኩ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት መንገድ ነውና። ይሁን እንጂ ጤና ጣቢያው ስለ ሳንባዬ መጀመሪያ ያስታወቀኝ በበሩ ላይ በተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሆነ፣ እኔም መልሴን እዚያው ሰሌዳ ላይ ብለጥፈው ባለጌ እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ለአነባበብ እንዲመችዎ ነጥቦቼን በተራ ቁጥር አስፍሬያቸዋለሁ። ቅሬታ ብላቸው ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተመርተው ዓመት ይቀመጣሉና ምስጋና ብያቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ አዲሱ የመዝገብ አያያዝ አመሰግናለሁ። ቀድሞ እያንዳንዳችን የሕክምና ደብተራችንን እቤታችን ልብስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠን፣ ሲያመን ይዘን መጥተን፣ ስንድን ይዘን የምንመለስ ኋላ ቀር ሰዎች ነበርን። እርስዎ በ1973 ዓ.ም. ከውጭ አገር የስድስት ወር ትምህርት ተመልሰው በአዳራሹ ያስረዱንን ዛሬም አልረሳሁትም። ከእንግዲህ የሁላችንም መዝገብ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል እንደሚቀመጥ፣ አቃፊው ላይ ስማችን እንደሚጻፍ፣ በውስጡ ባሉት ነጠላ ወረቀቶች ላይ ግን ምሥጢራችን እንዲጠበቅ ቁጥር ብቻ እንደሚደረግ፣ አንድ ቀን ደግሞ ኮምፒውተር የሚባል ማሽን መጥቶ የጉለሌን ሰው በሽታ በሙሉ በአንድ ሣጥን እንደሚይዝና ጣት በነካው ቁጥር እየመዘዘ እንደሚሰጥ ነገሩን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በማግስቱም ደብተሬን በገዛ እጄ ወስጄ አስረከብኩ። በውስጡ የነበረው ጨጓራ ብቻ ነበር።

2ኛ. ስለ ጣሪያው አመሰግናለሁ። የ1974 ነሐሴ ከእንጦጦ ሲወርድ የነበረውን በረዶ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። የካርድ ክፍሉ ጣሪያ ግን ከሁላችንም የባሰ ስላዘነ ሁለት ሌሊት ሙሉ መደርደሪያው ላይ ሲያለቅስ አደረ። ፀሐይ የወጣች ዕለት መዝገባችን ተሰብስቦ በግቢው ሣር ላይና በአጥሩ ላይ ተሰጣ፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ትንንሽ ድንጋይ ተጫነበት። አጥሩ መንገድ ዳር ስለሆነ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቆም እያለ የሚያውቀውን ስም ይፈልግ ነበር። እኔም ከወዲያ ማዶ ቆሜ የሠፈሬን ሰው አንጀትና ኩላሊት ነፋስ ሲያገላብጠው ለሦስት ቀን ተመልክቻለሁ። ምሥጢራችን የዚያን ያህል ፀሐይ አግኝቶ አያውቅም።

ከደረቀ በኋላ ወረቀቶቹን በየአቃፊያቸው የመመለሱ ሥራ የተሰጠው ለጥበቃው ለአቶ ዋቅጋሪ ነበር። አቶ ዋቅጋሪ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ተምረው የምስክር ወረቀታቸውን በያዙ በሦስተኛው ወር ነው ይህ አደራ የተጣለባቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለዩ በትዕግሥት እንደ ሠሩ አውቃለሁ፤ በእሳቸው ላይ አንዳች ቂም የለኝም። ችግሩ በወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፤ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ዝናቡ አጥቦታል። ስለዚህ ቁጥሩ የጠፋበትን ወረቀት ባዶ ሆኖ ባገኙት አቃፊ ውስጥ አስገቡት። ኋላ ራሳቸው እንደ ነገሩኝ፦

«ሜዳ ላይ ከሚቀር አንድ ቤት ያግኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ከጤና ጣቢያው ሁሉ ለአንድ ወረቀት ያዘነ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ አመስግኛቸዋለሁ።

3ኛ. ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። በጥቅምት 1975 የቀበሌው ሱቅ ስኳር የሚያድልበትን ቀን ለማየት ወርጄ፣ ከስኳሩ ማስታወቂያ ጎን «የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የጠፉና በአስቸኳይ እንዲቀርቡ የሚፈለጉ» የሚል ዝርዝር ተለጥፎ አገኘሁ። ከአምስቱ ስም ሦስተኛው የእኔ ነበር። መጀመሪያ መቼም ሞክሼ ይሆናል አልኩ። የአባቴን ስም አየሁ፤ የአያቴን ስም አየሁ፤ የቤቴን ቁጥር አየሁ። ከኋላዬ ስኳር ለማየት የቆሙት ሰዎች ቀስ ብለው አንድ እርምጃ ሲያፈገፍጉ ሰማሁ። እንዲህ ያለ እርምጃ ድምፅ እንዳለው ያን ዕለት አወቅሁ።

ወዲያው ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄጄ ወይዘሪት ጽጌረዳን ስሕተት እንደ ተፈጠረ ለማስረዳት ሞከርኩ። ወይዘሪት ጽጌረዳ በአንድ ትንፋሽ አቃፊዬን አውጥተው፣ ገለጥ አድርገው፣ ከዚያም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ የሳንባው ሰውዬ እንደ ተገኘ ለጤና ረዳቱ ለድሬሰሩ አበሠሩ። አቃፊውንም ራሴ ይዤ ወደ ምርመራ ክፍል እንድገባ ተሰጠኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የእኔ ጨጓራ አልነበረበትም። የነበረው የሌላ ሰው ሳንባ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ የተወጋ መርፌ፣ በየወሩ የሚወሰድ ክኒን፣ የወረደና ቀስ በቀስ የጨመረ የሰውነት ክብደት። ከግርጌው ድሬሰሩ ስለ ታካሚው ኑሮ ሁለት መስመር ጽፏል። ሠፈሩን ለሚያውቅ ሰው ሁለት መስመር ይበቃል። ወረቀቱን ዘጋሁት፤ ነገር ግን አንብቤዋለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ያነበብኩት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ያስነበበኝም ጤና ጣቢያው ነው።

ድሬሰሩ ግን ቅን ሰው ስለሆነ የእኔ አይደለም ስለው አክታዬን እንዲመረመር ላከው። ምንም አልተገኘበትም። በዚህ ተደስቼ ገና ሳመሰግነው መዝገቡ ላይ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብሎ ጻፈ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንዲት ክኒን አልዋጥኩም። የወር ክኒኔን አስታቅፎ እንዳላቋርጥ በብርቱ መክሮ አሰናበተኝ።

4ኛ. ስለ ተሰጠኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ። ማኅበር እርስዎ የማይወዱት ነገር እንደሆነ ባውቅም፣ እኛ ቤት ለቤት በሰላም የምንጠጣው ስለሆነ ይታገሡኛል ብዬ አምናለሁ። የቁስቋም ማርያምን ጽዋ ከአሥራ አንድ ጓደኞቼ ጋር ሃያ አራት ዓመት ጠጥቻለሁ። በየወሩ በስድስተኛው ቀን በየተራ ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን፣ ጽዋው አንድ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ወለተማርያም ካረፈች ወዲህ ከልቤ የምጫወተው በወር ያችን አንድ ቀን ነበር። ሌላውን ቀን ሬዲዮ አዳምጣለሁ፤ ሬዲዮ ግን አንተስ ምን ትላለህ ብሎ አይጠይቅም።

የዝርዝሩ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቶ ኖሮ፣ በኅዳር 5፣ የዓመቱ ክብረ በዓል ዋዜማ፣ የማኅበራችን ሽማግሌ አቶ ዓለሜ እደጄ መጡ። አልገቡም። ዘንድሮ እንዳርፍ፣ ሕመምተኛ ሰው ብርድ ላይ መውጣት እንደሌለበት፣ ድርሻዬ እቤቴ ድረስ እንደሚላክልኝ በጣም በፍቅር ነገሩኝ። በማግስቱ ጠላው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ዳቦው በጋዜጣ ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀመጠልኝ። ቆርቆሮውን ላጥበው ስል መመለስ እንደማያስፈልግ ከአጥሩ ውጪ ሆነው ነገሩኝ። ጥር ላይ ማኅበሩን የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ ተራዬ ለሌላ ሰው እንደ ተሰጠ የሰማሁት ሽንኩርቱን ገዝቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አሁን እቤቴ አሥራ ሁለት የወተት ቆርቆሮ ተደርድሯል።

እድሩም ከማኅበሩ አላነሰም። የሐዘን ድንኳን በተተከለ ቁጥር ለእኔ ለብቻዬ ከድንኳኑ ውጪ ወንበር ይወጣልኛል፤ ንጹሕ አየር ለሳንባ ስለሚበጅ ነው ይሉኛል። ጎረቤቴ ወይዘሮ እሌኒ፣ ከወለተማርያም ጋር እንደ እኅት የኖሩ ሴት፣ ቀድሞ ጉንጬን ስመው ይለዩኝ ነበር፤ አሁን ከሩቁ ጎንበስ ይሉልኛል። ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ሁሉም ለጤናዬ ያስባሉ። አንዳንድ ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ለጤናዬ ከሚያስብልኝ ሰው በቀር አንድም ሰው ሳላገኝ ይመሻል። ብቸኝነት ያማል፣ ጓድ ዓምሃ። ይህን በምስጋና ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

5ኛ. ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። ኅዳር ላይ ቢሮዎ መጥቼ ነገሩን ከሥሩ አስረድቼዎታለሁ። መሐረብዎን አፍዎ ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ስላዳመጡኝ ዛሬም ውለታዎ አለብኝ። ውሳኔዎም ግልጽ ነበር። ወረቀቶቹ የእኔ ካልሆኑ ባለቤታቸው ከቀበሌያቸው ደብዳቤ አጽፈው፣ ሦስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት በአካል ቀርበው፣ በሽታው የእሳቸው መሆኑን አምነው ይፈርሙ፤ እስከዚያ ድረስ በሽታው በእኔ ላይ ይቆያል አሉ። ባለቤቱ ሕመማቸው እንዳይታወቅባቸው የሚፈልጉ ሰው ቢሆኑስ ብዬ ጠየቅሁ። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«በሽታ የግል ንብረት አይደለም፣ አቶ መሸሻ። የሰፊው ሕዝብ ጉዳይ ነው።»

ትርፍ ቤቴን በ1967 ስትወስዱ ያልቆጨኝን ያህል ይህ ቆጨኝ። ቤት ከሰው ይወረሳል፤ ሳል ግን ይወረሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስፈር አልቻልኩም። ምስጋናም ቅሬታም ስላልሆነ እንዲሁ እነግርዎታለሁ።

ከቢሮዎ እንደ ወጣሁ የወረቀቶቹን ባለቤት ፍለጋ ሄድኩ። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ከመንገዱ በላይ ይኑሩ በታች፣ ምን ሠርተው ይደሩ አልጽፍም፤ የሚያነቡኝ ጎረቤቶቼም ለመገመት ባይደክሙ ደስ ይለኛል። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ደነገጡ። ስሜን ሰሌዳው ላይ አይተውት ነበርና ለምን እንደ መጣሁ ሳልነግራቸው ገባቸው። የእሳቸው አቃፊ የኔን ጨጓራ ተሸክሞ ኖሯል። በመስከረም የወር ክኒናቸውን ሊወስዱ ሲሄዱ፣ በዚያው በመስኮቱ፣ በዚያው በሚሰማው ድምፅ፣ የጨጓራ ታካሚ መሆናቸው ተነግሯቸዋል። የእኔስ ሕመም ሌላ ነው ለማለት ሳንባ የሚለውን ቃል ሰላሳ ሰው በተሰለፈበት መናገር ሊኖርባቸው ነው። አልተናገሩም። የጨጓራዬን ነጭ ፈሳሽ ተቀብለው እቤታቸው ገቡ፤ አንድ ወር ተኩልም ጠጥተውታል። ሳሉ ተመልሶ ነበር።

የኮሚቴውን ነገር ነገርኳቸው። እዚያ ከምቆም ብሞት ይሻለኛል አሉኝ፤ የሚናገሩት ከልባቸው እንደሆነ ዓይናቸው ላይ አየሁ። እኔም ያን ጊዜ ከኪሴ የወር ክኒኔን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጤና ጣቢያው ለሕመምተኛው በሙሉ ልብ መድኃኒት እየሰጠ ነበር፤ የተሳሳተው አድራሻው ብቻ ነው። አድራሻው የተሳሳተ ዕቃ ለባለቤቱ ማድረስ ደግሞ የማውቀው ሥራ ነው።

እንግዲህ አርአያ ታካሚዎ የተገኘው እንዲህ ነው። ከኅዳር እስከ ነሐሴ አሥር ወር ሙሉ፣ በቀጠሮዬ ቀን ሳላጓድል እየቀረብኩ፣ የሳንባው ሰውዬ ተብዬ እየተጠራሁ፣ ክኒኑን ተቀብዬ በኮቴ ውስጥ ኪስ ይዤ፣ ማንም በማያየኝ መንገድ ዞሬ አደረስኩ። ድሬሰሩ ሳሉ ቀነሰ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ባለቤቱን ጠይቄ በሚቀጥለው ወር እመልስለት ነበር። ክብደቴንም ሲመዝነኝ ምንም አልጨመርኩም፤ እሳቸው ግን ጨምረዋል።

ጓድ ዓምሃ፣ የማላፍርበትን ልንገርዎ። ያችን የወር ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። በጉለሌ ጤነኛ መሆኔን የሚያውቁ አንድ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እቤታቸው ስገባ ወንበር ይሰጠኛል፤ ሻይ በብርጭቆ ይቀርብልኛል፤ የጠጣሁበት ብርጭቆ ታጥቦ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ይመለሳል። እሳቸው መስኮቱን ከፍተው፣ ከእኔ ራቅ ብለው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይቀመጣሉ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንዳይይዘው ብሎ ሲርቀኝ፣ እሳቸው እኔን እንዳይይዘኝ ብለው ይርቁኝ ነበር። ስለ ወለተማርያም እንኳ ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል እንቀመጣለን፤ ከዚያ ሲመሻሽ እወጣለሁ።

ነሐሴ ላይ የመጨረሻው ክኒን ተዋጠ። እርስዎ በመዝገቤ ላይ «ድኗል» ብለው ፈረሙ። እኔም የፊርማዎን ያህል ደስ ብሎኛል፤ በጉለሌ አንድ ሳንባ በእርግጥ ድኗልና። የእኔ ግን እንዳለ ነው። መዳኔን የሚመሰክረው ወረቀት ታምሜ እንደ ነበር የሚመሰክር ወረቀት ነው። ለአቶ ዓለሜ ባሳያቸው፣ እግዜር ይመስገን ብለው፣ ለጥንቃቄ ደግሞ አንድ ዓመት ይቆይ አሉኝ። በመስከረምም ጠላዬ በቆርቆሮ መጣ።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው የምስክር ወረቀቱን ሳይሆን አንዲት ሌላ መስመር ነበር፤ «አቶ መሸሻ ቦጋለ በሳንባ ነቀርሳ ታምሞ አያውቅም» የምትል። ይህን እንዳልጠይቅዎ ግን መልስዎን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ኮሚቴው አለ፤ ፊርማው አለ፤ ስሙን አምጣ ይሉኛል። ስሙን ብጽፍ ነገ ማለዳ ነፃ እሆናለሁ፤ በኅዳር 6 ከጓደኞቼ መካከል እቀመጣለሁ፤ ጽዋውም ይደርሰኛል። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ ለዚያ ስም አንስቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ፖስታ ቤት ሳለሁ በስስ ኤንቬሎፕ የተላከ ደብዳቤ ብርሃን ላይ ብታነሳው ይነበብ ነበር። ከእኛ መካከል የሚያነሱ ነበሩ፤ የማያነሱም ነበሩ። አሁን በስተርጅና ከሚያነሱት ወገን መሆን አልፈልግም።

እሁድ ዕለት ስለማልገኝ የተመደበልኝን አሥር ደቂቃ አቶ ዋቅጋሪ እንዲናገሩበት በአክብሮት እጠቁማለሁ፤ ስለ ጉለሌ ሰው ጤና ከእሳቸው የበለጠ ወረቀት በእጁ ያገላበጠ ሰው የለም። የምስክር ወረቀቱንም ለምሥጢር ጥበቃ ሲባል ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ አዘጋጅተው እመደርደሪያው ላይ ቢያኖሩት፣ አንድ ቀን የሚገባው ሰው አቃፊ ውስጥ ሳይታሰብ ይገባ ይሆናል።

ለሰጡኝ በሽታ፣ ለሰጡኝ ፈውስ፣ ለሰጡኝ ረጅም ዕረፍትም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መሐረብዎ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ስምዎም ከሰሌዳ የራቀ እንዲሆን ዕለት ዕለት የምጸልይ፣

በመዝገብ የዳንኩ፣ በደጅ ያልዳንኩ
ታዛዥ ጎረቤትዎ
መሸሻ ቦጋለ

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ (ምስጋና ስለሆነ ለማወቅ ያህል)
ለካርድ ክፍል (በአቃፊዬ ውስጥ እንዲቀመጥ፤ በሌላ ሰው አቃፊ ውስጥ ቢቀመጥም አልቀየምም)

ይድረስ ካልኩ በኋላ የተጨመረ፦ የወረቀቶቹ ባለቤት ውለታዬን ቆጥረው ራሳቸው ይቀርባሉ ብለው የሚጠብቁ ከሆነ፣ እንዳይደክሙ ይህን ልንገርዎ። የመጨረሻውን ክኒን ባደረስኩ ቀን እስከ በሩ ሸኝተውኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ከእንግዲህስ ባይመጡ ነው የሚሻለው» አሉኝ። «ሰው እርስዎን በዚህ በሽታ ያውቅዎታል። እኔ ዘንድ ሲገቡ ካዩዎት ይጠረጥሩኛል።» ልክ ናቸው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያን እል ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ስማቸውን ግን አሁንም አልነግርዎትም።